ልክ ያለው ባሩድ፤ ስለ ውድድር ሽጉጥ ርግጫና ስለ ቀይዋ ነጥብ



በአሶሳ ገበያ ወርቅ የሚገዛ ነጋዴ ሚዛኑን ሳያወጣ ዋጋ አይጠራም። ከአሸዋ ታጥባ የወጣችው የወርቅ ብናኝ ከአንዲት ቁንጥር ባትበልጥም እንኳ ሻጩም ገዢውም ዓይናቸውን ከሚዛኑ ላይ አያነሡም። 28 ግራም ያህል በምትመዝነው በአንዲት ወቄት ላይ ጥቂት ቅንጣት ብትጎድል ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ሁለቱም አሳምረው ያውቁታልና። ከወርቅ ይበልጥ በጥንቃቄ ሊመዘን የሚገባው አንድ ነገር ግን በአገራችን ብዙ ጊዜ በዓይን ግምት ሲሰፈር ኖሯል፤ እርሱም ባሩድ ነው። ወርቅ ተሳስቶ ቢመዘን የሚጎድለው ገንዘብ ነው። ባሩድ ተሳስቶ ቢመዘን ግን የሚጎድለው ጣት ወይም ዓይን ነው።

ዛሬ ይህን ነገር የምናነሣው በአንድ ስፖርት በኩል ነው፤ ይኸውም ቀይ የብርሃን ነጥብ በተገጠመለት ሽጉጥ የሚደረገው የተኩስ ውድድር ነው። በዚህ ውድድር የሚካፈሉ ሰዎች ከማነጣጠሩ ባላነሰ የሚጨነቁት በጥይቷ ልክ ነው። አረሯ ስንት ግራም ትመዝን? በምን ፍጥነት ትውጣ? ሽጉጡስ ወደ ኋላ ምን ያህል ይምታ? እያሉ ሲመዝኑና ሲፈትኑ ወራት ያሳልፋሉ።

እርስዎ ተማሪ ነዎት እንበል፤ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ የሚመዘግቡ ወጣት ሠራተኛ ነዎት። «ሽጉጥ ለእኔ ምኔ ነው? ያውም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል!» ቢሉን ቅር አንሰኝም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በተፈጸሙት ጥቃቶች ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ቀያቸውን ለቅቀው ተሰደዋል። ሐዘኑን የሚያስታውስ ሰው የመሣሪያን ወሬ ቢጠላ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ መሣሪያ በየቤቱ ባለበት አገር አደጋው የሚብሰው ነገሩን በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ጥይት ምን እንደምትሠራ በቁጥር የተረዳ ሰው ለጨዋታ ወደ ሰማይ አይተኩስም፤ ያረጀ ቀለህ በማንኪያ ባሩድ ሞልቶም ለጎረቤቱ አይሰጥም። ስለዚህ ሽጉጥ ይግዙ ለማለት ሳይሆን የመለካትን ጥቅም ለማሳየት ይህን ጽፈናል፤ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ርግጫው ከወዴት ይመጣል?

በዳቡስ ወይም በዓባይ ዳር ከታንኳ ወደ መሬት የዘለለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። እርሱ ወደ ፊት ሲዘል ታንኳዋ ወደ ኋላ ትሸሻለች። ታንኳዋ ቀላል ከሆነች በጣም ትሸሻለች፤ ከባድ ከሆነች ግን ጥቂት ብቻ ንቅንቅ ትላለች። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ነገር ሕግ አበጅቶለታል፤ ለማንኛውም ግፊት በተቃራኒው አቅጣጫ እኩል ግፊት አለ ማለት ነው።

በሽጉጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ዘላዩ አረር ነው፤ ታንኳዋ ሽጉጡ ነው። አረሩ ወደ ፊት ሲሄድ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይመታል። እኛም ይህን ምት የበቅሎን ጠባይ እያሰብን «ርግጫ» ብለን እንጥራው። ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝም ክብደት ስላለው፣ በአፈሙዙም በኩል በታላቅ ፍጥነት ስለሚወጣ፣ በርግጫው ላይ የራሱን ድርሻ ይጨምራል። እንግዲህ የርግጫ መነሻዎች ሦስት ናቸው፤ የአረሩ ክብደት፣ የአረሩ ፍጥነትና የባሩዱ ጋዝ። ርግጫውን የሚቀበሉት ደግሞ የሽጉጡ ክብደትና የተኳሹ እጅ ናቸው።

ወደ ቁጥሩ እንሂድ። አባቶቻችን «ውጅግራ» ያሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ፉዚል ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ነው። ጠመንጃው 4.2 ኪሎ ግራም፣ አረሩ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። 25 በ450 ቢባዛ 11,250 ይመጣል። ይህን በጠመንጃው ክብደት፣ ማለትም በ4,200 ግራም ቢያካፍሉት 2.7 ይሆናል። ስለዚህ የጋዙ ድርሻ ሳይቆጠር እንኳ ውጅግራው በሰከንድ 2.7 ሜትር ፍጥነት ወደ ትከሻ ይመጣል ማለት ነው። ጋዙ ሲጨመር ደግሞ 3 ሜትር ያልፋል።

አሁን ወደ ሽጉጡ እንምጣ። 8 ግራም አረር በሰከንድ 320 ሜትር ሲወጣ ብዜቱ 2,560 ነው። ሽጉጡ 700 ግራም ብቻ ከሆነ በሰከንድ 3.7 ሜትር ወደ ኋላ ይመታል። 1,100 ግራም ከሆነ ግን 2.3 ሜትር ብቻ ነው። አስተውለዋል? ጥይቷ ያችው ናት፤ የተለወጠው የሽጉጡ ክብደት ብቻ ነው። ከኪስ የሚገባው ቀላል ሽጉጥ በእጅ ላይ የሚያስደነግጠው፣ የውድድር ሽጉጥ ደግሞ ሆን ተብሎ ከበድ ተደርጎ የሚሠራው ስለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሽጉጡ ቧንቧ ከተኳሹ እጅ በላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ምቱ በቀጥታ ወደ ኋላ ብቻ አይሄድም፤ አፈሙዙን ወደ ላይ ያነሣዋል። በውድድር ጊዜ ሰዓት የሚበላው ይኸው የአፈሙዝ መነሣት ነው። አፈሙዙ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ሁለተኛውን ጥይት በትክክል መተኮስ አይቻልምና።

ጥይት እንደ ገንዘብ፣ ቀለህ እንደ ቅርስ

በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር ወደ ቤኒሻንጉል ዘምቶ አካባቢውን ለዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሲያስገብር፣ ውጅግራ የኢትዮጵያ ጦር ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን ወርቅ በሚዛን ሲሰፈር ጥይት በቁጥር ይሰፈር ነበር። በብዙ የአገራችን ገበያዎችም ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ጥይት እንዲህ ውድ ስለነበረ የተተኮሰው ቀለህ አይጣልም ነበር፤ ይለቀምና እንደገና ይሞላ ነበር። በዚህ የአባቶቻችን ብልሃት ማፈር አይገባንም። የዛሬው የውድድር ተኳሽም ቀለሁን ለቅሞ መልሶ ይሞላል።

ነገር ግን በሁለቱ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። የጥንቱ ባሩድ ጥቁር ባሩድ ነበር፤ ጭሱ ብዙ፣ ጉልበቱ ግን መጠነኛ ነው። የውጅግራ ቀለህ እስኪሞላ ድረስ ጥቁር ባሩድ የሚይዝ ሆኖ ስለተሠራ ስፍሩን የሚወስነው ቀለሁ ራሱ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ጭስ የሌለውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አዲሱ ባሩድ በክብደት ሲተያይ ከጥቁሩ ብዙ እጥፍ ጉልበት አለው። በዘመናዊ የሽጉጥ ቀለህ ውስጥ የሚገባው ባሩድ ብዙውን ጊዜ የቀለሁን ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንድ ሰው ተዘናግቶ ሁለት ጊዜ ቢሰፍርበት ቀለሁ ችሎ ይይዘዋል፤ ሽጉጡ ግን አይችለውም። በዓይን ግምት መሙላት ያበቃለትም ያኔ ነው።

ባሩድና አረር የሚለካበት አሃድ «ግሬን» ይባላል፤ ትርጉሙም የእህል ቅንጣት ማለት ነው። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ብቻ ነው። በአንዲት የወርቅ ወቄት ውስጥ 432 ያህል ግሬን ይገኛል። የውድድር ተኳሽ ባሩዱን የሚመዝነው እስከ ግሬን አንድ አሥረኛ ድረስ ነው። እንግዲህ የወርቅ ነጋዴና የጥይት ሠሪ በአንድ የሙያ ማኅበር ቢገቡ የሚያስደንቅ አይደለም።

የስፖርቱ ሕግ

ሽጉጥ ተኩስ እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴና ከተደረገው ከመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ጀምሮ በስፖርትነት ይታወቃል። በኦሊምፒክ የሽጉጥ ውድድር ቀይ ነጥብ አይፈቀድም። ስለ ቀይ ነጥብ የምናወራው በሌላ ዓይነት ውድድር ነው፤ ተኳሹ እየሮጠ፣ እየዞረ፣ በርካታ ዒላማዎችን በፍጥነት የሚመታበት ነው። የዚህ ስፖርት ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት በኮሎምቢያ ከተማ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱም ጄፍ ኩፐር ነበር።

በዚህ ውድድር ነጥብ በሰዓት ይካፈላል። በጣም ፈጥኖ የሚስት አያሸንፍም፤ ሳይስት የሚያንቀላፋም አያሸንፍም። ታዲያ አንዳንድ ብልጣ ብልጦች ርግጫው እንዳያስቸግራቸው ጥይታቸውን እንደ ላባ አለስልሰው እንዳይመጡ ሕጉ ወለል አበጅቷል። የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በጫማ ተለክቶ ይባዛል፤ ከዚያም በ1,000 ይካፈላል። የሚገኘውን ውጤት «የኃይል ቁጥር» ብንለው ያስኬዳል። ዝቅተኛው ወለል 125 ነው። በእኛ ግራምና ሜትር ሲሰላ ብዜቱ 2,470 ይሆናል። ከዚህ በላይ ደግሞ ከፍተኛው ደረጃ አለ፤ ልዩ ልዩ መሣሪያ መግጠም በሚፈቀድበት ክፍል 160፣ ከፍተኛው ደረጃ በሚሠራባቸው በሌሎቹ ክፍሎች ደግሞ 170 ነው።

ከፍተኛውን ደረጃ መምረጥ ምን ጥቅም አለው? ዒላማው ሦስት ክልሎች አሉት። መካከለኛውን የመታ ሁሉ፣ ጥይቱ ኃይለኛም ይሁን ለስላሳ፣ 5 ነጥብ ያገኛል። ሁለተኛውን ክልል የመታ ግን በለስላሳ ጥይት 3፣ በኃይለኛው 4 ያገኛል። የዳሩን የመታም በለስላሳው 1፣ በኃይለኛው 2 ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ተኳሹ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ «ብዙ ርግጫ ተቀብዬ ስሕተቴ ይቅር ይባልልኝ? ወይስ ርግጫውን ቀንሼ ሳልስት ልምታ?» የሕይወትን ነገር ለሚያስተውል ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም።

ጥይትን ከሽጉጥ ጋር ማስማማት

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። አንድ ዓይነት የኃይል ቁጥር ያላቸው ጥይቶች በእጅ ላይ አንድ ዓይነት ስሜት አይሰጡም። 7.5 ግራም አረር በሰከንድ 341 ሜትር፣ 8 ግራም በ320 ሜትር፣ 9.5 ግራም በ270 ሜትር ቢተኮስ የሦስቱም ብዜት 2,560 ገደማ ነው። በትምህርት ቤት ሞመንተም ተብሎ የሚማሩት ይኸው ብዜት ነው። ጉልበታቸውን ሲያሰሉ ግን ቀላሉ 436 ጁል፣ መካከለኛው 410 ጁል፣ ከባዱ 346 ጁል ይሆናል። ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ ፈጣኑ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ብዙ ጉልበት ማለት ብዙ ባሩድ፣ ብዙ ባሩድ ማለትም ብዙ ጋዝ ነው።

ስለዚህ በተራ ሽጉጥ የሚወዳደሩ ብዙ ሰዎች ከባድና ዘገምተኛ አረር ይመርጣሉ። ወለሉን ያልፋል፤ ጋዙ ጥቂት ስለሆነ ምቱ የሚያስደነግጥ ሳይሆን ገፋ የሚያደርግ ይሆናል። በአፈሙዛቸው ላይ ጋዝ ወደ ላይ የሚተፋ ቀዳዳ የተሠራላቸው ሽጉጦች ግን ተቃራኒውን ይወዳሉ። ወደ ላይ የሚወጣው ጋዝ አፈሙዙን ወደ ታች ስለሚጫነው ጋዙ በበዛ መጠን ሽጉጡ ይረጋል። ለእነዚህ ቀላል አረርና ብዙ ባሩድ ይስማማል። እነሆ፣ ለአንዱ ጠላት የሆነው ጋዝ ለሌላው ወዳጅ ሆኖ ተገኘ። «ምርጡ ጥይት የትኛው ነው?» ተብሎ ሽጉጡ ሳይታወቅ የሚጠየቅ ጥያቄ መልስ የለውም። በቀስት የሚያድን ሰውም ይህን ያውቀዋል፤ ፍላጻው ከቀስቱ ጉልበት ጋር ካልተስማማ የቱንም ያህል ቢያነጣጥር አይመታም።

ቀጥሎ ሞላው አለ። በሽጉጡ አናት ላይ ያለው ተንሸራታች ብረት በጥይቱ ምት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ባዶውን ቀለህ ይተፋል፤ ሞላው መልሶ ሲገፋው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ጥይቱ ለስላሳ ሞላው ጠንካራ ሲሆን ብረቱ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለስና ቀለሁ ይሰነቀራል። ሞላው ሰነፍ ጥይቱ ኃይለኛ ሲሆን ደግሞ ብረቱ ኋላ ላይ በኃይል ይላተማል። ሞላው ከልክ በላይ ከጠነከረ ሌላም ጉድለት ያመጣል፤ ብረቱ ሲመለስ አፈሙዙን ከዒላማው በታች ይደፋዋል። ስለዚህ ለስላሳ ማለት ሁልጊዜ ጥሩ ማለት አይደለም። ጥሩው ጥይት አፈሙዙን አንሥቶ በተነሣበት መንገድ ወደ ተነሣበት ቦታ የሚመልሰው ነው፤ ያውም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት።

ቀይዋ ነጥብ የምትመሰክረው

ይህን ሁሉ በዓይን የምታሳየው ቀይዋ ነጥብ ናት። ኤይምፖይንት የተባለው የስዊድን ኩባንያ የዚህ ዓይነት ማነጣጠሪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአውስትራሊያ በአዴላይድ ከተማ በተደረገው የዓለም ውድድር ዳግ ኬኒግ ቀይ ነጥብ በተገጠመለት ሽጉጥ ካሸነፈ በኋላ የብዙዎች ዓይን ወደዚህ መሣሪያ ዞረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንዲት ትንሽ አምፑል የሚወጣ ቀይ ብርሃን በተጎበጠ መስተዋት ላይ ያርፍና ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል። መስተዋቱ ብርሃኑን ቀጥ አድርጎ ስለሚልከው ነጥቧ በሩቁ ዒላማ ላይ ያረፈች ትመስላለች። በዒላማው ላይ ግን ምንም ብርሃን የለም፤ ነጥቧን የሚያያት ተኳሹ ብቻ ነው። በድሮው ማነጣጠሪያ ዓይን የኋላውን ብረት፣ የፊተኛውን ብረትና ዒላማውን ሦስቱን ማስተካከል ነበረበት። አሁን ግን ዓይን በዒላማው ላይ ያርፋል፤ ነጥቧ እዚያው ትመጣለች።

ይሁን እንጂ ቀይዋ ነጥብ ያልተማረን ሰው አነጣጣሪ አታደርገውም። እንዲያውም ጉዱን ታወጣበታለች። የእጅ መንቀጥቀጥ በድሮው ማነጣጠሪያ ብዙም አይታወቅም ነበር፤ አሁን ነጥቧ ስትዘል ይታያል። ቃታው ሲሳብ ነጥቧ ወደ ታች ብትወርድ ሽጉጡ ገና ሳይተኩስ ተኳሹ ፈርቷል ማለት ነው። አረሩ ቧንቧውን ለቅቆ የሚወጣው ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። አፈሙዙ በደንብ የሚነሣው አረሩ ከወጣ በኋላ ነው። እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ ዒላማ የሚያስተው የመጣው ርግጫ ሳይሆን ይመጣል ተብሎ የተፈራው ርግጫ ነው። አሠልጣኞች ይህን ለማረም ባሩድ የሌላቸውን የመለማመጃ ጥይቶች ከእውነተኞቹ ጋር ያደባልቃሉ። ባዶዋ ተራ ደርሷት ሽጉጡ ጸጥ ሲል አፈሙዙ ዘቅዘቅ ካለ የተኳሹ ፍርሃት በገሃድ ይታያል።

ነጥቧ ጥይትንም ትፈትናለች። ጥይቷ በተተኮሰች ቁጥር ነጥቧ ወደ ላይ ትነሣለች፤ ከዚያም ትመለሳለች። ቀጥ ብላ ወጥታ ቀጥ ብላ ከተመለሰች አያያዙም ጥይቱም ተስማምተዋል። ወደ ጎን እየሄደች ከተመለሰች የእጅ አያያዝ ይመርመር። ከተነሣችበት በታች ከወረደች ሞላው ይታይ።

አማካይ ብቻውን ያሳስታል

የአረርን ፍጥነት መለካት ድሮ ታላቅ ምስጢር ነበር። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ ብልሃቱን ገለጸ፤ አረሩን ወደ ተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ይተኩስና እንጨቱ ምን ያህል እንደተወዛወዘ ለክቶ ፍጥነቱን ያሰላል። ዛሬ ክሮኖግራፍ የተባለው መሣሪያ ይህንኑ በቅጽበት ይነግራል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ዓይነት ጥይት እናስብ፤ አረራቸው 8 ግራም ነው። የመጀመሪያው አምስት ጊዜ ሲተኮስ በሰከንድ 318፣ 319፣ 320፣ 321፣ 322 ሜትር ሄደ። ሁለተኛው ደግሞ 300፣ 310፣ 320፣ 330፣ 340 ሜትር ሄደ። የሁለቱም አማካይ 320 ነው። በወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ነገር ግን በ300 ሜትር የወጣችው ጥይት ብዜቷ 2,400 ነው፤ ለብቻዋ ብትመዘን ከ2,470ው ወለል በታች ናት። በ340 የወጣችው ደግሞ በእጅ ላይ ሌላ ጠባይ ታሳያለች። ነጥቧ አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ እያለች ተኳሹን ታደናግረዋለች። ይህ ለቢሮ ሠራተኛም ምሥጢር አይደለም። በወር ሃያ መዝገብ የሚያጠናቅቁ ሁለት ሠራተኞች አሉ እንበል። አንዱ በየቀኑ ይሠራል፤ ሌላው ሦስት ሳምንት ተኝቶ በመጨረሻው ሳምንት ይሮጣል። አማካያቸው አንድ ነው፤ ባለጉዳይ ግን የትኛውን እንደሚመርጥ አይጠፋዎትም።

አየሩስ ምን ያደርጋል? አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው አየር ይሳሳል። ባሩድ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን በራሱ ውስጥ ስለሚይዝ አረሩ ከአፈሙዝ የሚወጣበትን ፍጥነት የአየሩ መሳሳት እምብዛም አይለውጠውም። የሙቀት ነገር ግን ሌላ ነው። ባሩድ ሲሞቅ አነዳዱ ይፈጥናል፤ ግፊቱም ይጨምራል። በጉባ ወይም በኩርሙክ ቆላ በቆመ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታት የዋለች ጥይትና በደጋ ጠዋት የተለካች ጥይት አንድ ፍጥነት ላይኖራቸው ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ተኳሽ ጥይቱን ከመጨረሻው የልክ ጫፍ ላይ አያደርሰውም፤ ለቀዝቃዛውም ለሞቃቱም ቀን የሚበቃ ትርፍ ይተውለታል።

ለአንባቢያችን የምንመክረው

ምናልባት ይህን ያነበበ ወጣት በመንደሩ የተጣለ ቀለህ አይቶ «እስቲ ልሞክረው» ይል ይሆናል። አይሞክረው። የውድድር ተኳሽ የሚሠራው በታወቀ ባሩድ፣ በታተመ የልክ ሠንጠረዥ፣ በተፈተሸ ሚዛንና በተመረመረ ቀለህ ነው። በአገራችንም መሣሪያና ጥይት መያዝ፣ መሥራትና መጠገን ያለ ፈቃድ እንደማይቻል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደንግጓል። ከሕጉ ቅጣት በፊት ግን የባሩዱ ቅጣት ይደርሳል።

በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኩሱትንም እናስብ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶች፤ የተናገሩት አይመለስም ማለታቸው ነው። ከአፈሙዝ የወጣው ግን በክፉ መንገድ ይመለሳል። ሽቅብ የተላከ አረር የሆነ ቦታ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም በማን ጣሪያ፣ በማን ልጅ ራስ ላይ እንደሆነ የተኮሰው ሰው አያውቅም። ለስፖርት የሚተኩሰው ሰው ከኋላው የአፈር ግድብ የሌለውን ዒላማ እንኳ አይተኩስም።

ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ እንተውላችሁ፤ ሽጉጥም ጥይትም አይፈልግም። በለስላሳ የሲሚንቶ ወለል ላይ ጎማ ባለው የቢሮ ወንበር ይቀመጡ፤ እግርዎን ከመሬት ያንሡ። በመጀመሪያ ባዶ የእጅ ቦርሳ ወደ ፊት ይወርውሩ፤ ቀጥሎ በመጻሕፍት የተሞላውን ቦርሳ በዚያው ፍጥነት ይወርውሩ። ወንበሩ ስንት ስንዝር ወደ ኋላ እንደሄደ ይለኩ፤ አምስት አምስት ጊዜ ደጋግመው ይመዝግቡት። አማካዩን ብቻ ሳይሆን በትልቁና በትንሹ መካከል ያለውንም ልዩነት ይጻፉ። አለቃዎ በድንገት ከገቡ የፊዚክስ ጥናት ላይ መሆንዎን ያስረዱ፤ ቢቆጡ ግን እኛ የለንበትም።

ለቢሮ ሠራተኞች ደግሞ ሌላ አደራ አለን። ለእረፍት ወደ ቀዬዎ ሲሄዱ ተማርኩ ብለው የሚያከብርዎት ወንድም ወይም አጎት የአሮጌ ቀለህ ከረጢት አውጥቶ፣ በቡና ማንኪያ ባሩድ እየሰፈረ ሊሞላ ሲቀመጥ ቢያዩ፣ ዝም ብለው አይለፉት። ስለ ኒውተን መስበክ አያስፈልግዎትም፤ ስለ አዋጁም ቢሆን በኋላ ይደርሳል። ከጎኑ ቁጭ ይበሉና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፤ «ወርቅ ቢሆን በማንኪያ ትሸጠው ነበር?»